ከመዋጥ በፊት መለካት፦ ሳልሞኔላና መድኃኒቶቻችን

በየሴሚስተሩ አጋማሽ የፈተና ሳምንት ካለፈ በኋላ ወደ ቢሯችን ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል አንድ ሁለቱ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በየዕለቱ እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው። ‹‹ዶክተር፣ ታይፎይድ ነው ተብዬ ነው ፈተናው ያመለጠኝ›› ይላሉ። በወረቀቱ ላይ ‹‹ዊዳል 1 ለ160›› የሚል ቁጥር ሰፍሯል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ወረቀት አቀረበልን። ሦስቱንም ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞለታል። በሁለተኛው ጊዜ ‹‹ስለ ተሻለኝ›› ብሎ በሦስተኛው ቀን አቋርጦ፣ የተረፈውን ለታናሽ ወንድሙ አስቀመጠለት። በሦስተኛው ጊዜ ትኩሳቱ አልበርድ ሲለው ግን ‹‹ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል መሰለኝ›› አለን።

የፊዚክስ ሰዎች ቁጥር ስናይ አስቀድመን የምንጠይቀው ‹‹ይህ ቁጥር የሚለካው ምንን ነው? የስሕተቱስ መጠን ምን ያህል ነው?›› ብለን ነው። ከዚህ ወጣት ንግግርም ሁለት ጥያቄዎች ተነሡብን። አንደኛ፣ ‹‹1 ለ160›› የተባለው ምን ቢለካ ነው? ሁለተኛ፣ ‹‹ለምዶታል›› ሲባል የለመደው ማን ነው? የለመደውስ እንዴት ነው? እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ለማንም መድኃኒት ልናዝዝ ወይም ልንከለክል አንችልም። ነገር ግን ሁለቱም ጥያቄዎች የልኬትና የቁጥር ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እርሳስና ወረቀት ይዞ ሊከተላቸው ይችላል።

ሳልሞኔላ ምንድን ነው?

ሳልሞኔላ በትር መሰል ባክቴሪያ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ፣ ሃያ ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ይሆናሉ። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ከዳንኤል ሳልሞን ነው፤ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1885 ያገኘው ግን በሳልሞን ሥር ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ነው። ዛሬ ከ2,500 በላይ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ይታወቃሉ።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁሉ በሁለት ወገን ከፍለን ማየት ይበቃናል። የመጀመሪያው ወገን ታይፎይድንና ፓራታይፎይድን የሚያመጣው ነው፤ የታይፎይዱ ባክቴሪያ መኖሪያው ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው ወገን በከብት፣ በዶሮ፣ በአሳማና በሌሎችም እንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በተበከለ ውኃ አማካይነት ወደ ሰው የሚሻገር ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን ጤነኛ ጎልማሳን ጥቂት ቀን ተቅማጥና ቁርጠት አስይዞት ያልፋል። አቅም በሌላቸው ሕፃናት፣ በምግብ እጥረት በተጎዱና የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ግን ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ብዙ ሕፃናትን ሆስፒታል የሚያስተኛው ይህ በደም ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚያድነው በሰዓቱ የሚሰጥ፣ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ‹‹የሚሠራ›› የሚለው ቃል ይሰመርበት።

‹‹1 ለ160›› ምንን ይለካል?

የዊዳል ምርመራ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካቀረበው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፌርናንድ ዊዳል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የበሽተኛው የደም ውኃ በእጥፍ እየቀጠነ፣ ማለትም 1 ለ20፣ 1 ለ40፣ 1 ለ80፣ 1 ለ160 እየተባለ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ላይ የተገደለ የታይፎይድ ባክቴሪያ ይጨመራል። በደሙ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚይዙ ፀረ-አካላት ካሉ ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው ይቋጠራሉ። መቋጠሩ የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት የምርመራው ውጤት ይሆናል።

እንግዲህ ምርመራው የሚለካው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ያዘጋጀውን ፀረ-አካል ነው። ፀረ-አካል ደግሞ በሽታው ካለፈ በኋላ ለወራት ይቆያል። ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች፣ ወባና አንዳንድ ሌሎች በሽታዎችም ተመሳሳይ መቋጠር ሊያስከትሉ ይችላሉ። በተጨማሪም ንባቡ በዓይን ስለሚከናወን አንድ እርከን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳሳት የተለመደ ነው፤ ዛሬ 1 ለ80 የተባለው ነገ በሌላ ሠራተኛ እጅ 1 ለ160 ቢባል የሚያስገርም አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት በአንድ ቁጥር ብቻ አትወስኑ፣ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ያህል ቆይታችሁ ሁለተኛ ደም ቅዱ፣ ቁጥሩ ቢያንስ አራት እጥፍ ካደገ ብቻ ቁም ነገር አድርጉት የሚሉት ለዚህ ነው። አራት እጥፍ ማለት ሁለት እርከን ስለሆነ ከንባቡ ስሕተት በላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1,000 ሰዎች መካከል በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው 20 ናቸው እንበል። ምርመራው ከእውነተኞቹ ታማሚዎች 80 በመቶውን ያገኛል፤ ታይፎይድ ከሌለባቸው መካከል ደግሞ 20 በመቶውን በስሕተት ‹‹አለባችሁ›› ይላል እንበል። ከ20ዎቹ 16 ይገኛሉ። ከቀሩት 980 ሰዎች ግን 196 በስሕተት ይያዛሉ። ‹‹ታይፎይድ አለባችሁ›› የተባሉት በድምሩ 212 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ እውነተኞቹ 16 ብቻ፣ ማለትም ከ100 ወደ 8 የሚጠጉ ናቸው። ይህ ስሌት ምሳሌ እንጂ የማንኛውም ጤና ተቋም መዝገብ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አጠቃላይ ነው። በሽታው ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ባለበት ቦታ ደካማ ምርመራ ከእውነተኛው ይልቅ ሐሰተኛውን አብዝቶ ይሰጠናል።

196ቱ ሰዎች የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ይወስዳሉ። የትኩሳታቸው እውነተኛ ምክንያትም ሳይፈለግ ይቀራል። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ በሰውየው አንጀት ውስጥ በአሥር ትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችን ያገኛል።

‹‹መላመድ›› ወይስ ‹‹መመረጥ››?

በአገራችን ቋንቋ ‹‹ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደው›› እንላለን። ቃሉ በጤና ባለሙያዎችም ዘንድ የጸና ነው። ሆኖም አድማጩን ያሳስታል። መልመድ ሲባል በሬ ቀንበርን፣ ደገኛ የቆላን ሙቀት እየቆየ እንደሚለምደው ዓይነት ይመስላል። ተማሪያችን ‹‹ሰውነቴ ለምዶታል›› ያለውም ለዚህ ነው። የሰው ሰውነት ግን በዚህ ጉዳይ ምንም አልለመደም። ባክቴሪያውም ቢሆን በመድኃኒቱ ፊት ቆሞ ቀስ በቀስ አልለመደም።

ይህን ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ የፊዚክስ ሰው መሆኑ ያኮራናል። ጀርመን ተወልዶ በንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ የሠለጠነው ማክስ ዴልብሩክ ወደ ሥነ ሕይወት ተሻግሮ፣ ከጣልያናዊው ሐኪም ከሳልቫዶር ሉሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ ሙከራ አሳተመ። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ ሲለቀቅባቸው ጥቂት ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ። የመትረፍ ችሎታቸውን ያገኙት ቫይረሱን ካዩ በኋላ ነው ወይስ ቀድሞ ነበራቸው?

በብዙ ትናንሽ ብልቃጦች ከጥቂት ባክቴሪያዎች ጀምረው ለየብቻ አራቧቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ብልቃጥ ቫይረስ በተቀባበት ሳሕን ላይ አፈሰሱት። ችሎታው የሚመጣው ቫይረሱን ካዩ በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ሳሕን የሚተርፉት ቁጥራቸው ተቀራራቢ በሆነ ነበር። ለውጡ አስቀድሞ በዕድል የሚከሠት ከሆነ ግን፣ በአንዱ ብልቃጥ በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ተከሥቶ ብዙ ዘር ይተዋል፤ በሌላው መጨረሻ ላይ ተከሥቶ አንድ ሁለት ብቻ ይተዋል፤ በሌላው ጭራሽ አይከሠትም። ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ከአንዳንዱ ሳሕን ምንም፣ ከሌላው ከመቶ በላይ። ከአማካዩ ይልቅ ልዩነቱ ራሱ መልሱን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ በሌላ ዘዴ ይህንኑ ለፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ጭምር አሳዩ። ሉሪያና ዴልብሩክ ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር በ1969 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ኃይለኛውን ባክቴሪያ አይፈጥረውም፤ ከብዙኃኑ መካከል ይመርጠዋል። በወንፊት ቢመሰል ይቀላል፤ ወንፊት ድፍርስ አይሠራም፣ ያለውን ይለያል እንጂ።

ቁጥሩን እንመልከት። ሳልሞኔላ በተመቸው የላቦራቶሪ ሁኔታ በ20 ደቂቃ ያህል በእጥፍ ይራባል። ከአንድ ሕዋስ ብንነሣ በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ይባዛል፤ 2 በራሱ 30 ጊዜ ሲባዛ 1,073,741,824 ነው። በሰው አካል ውስጥ ርቢው ከዚህ ይዘገያል፤ ሆኖም አካሄዱ ያው ነው። ለአንድ መድኃኒት የማይበገር የዘረ-መል ለውጥ ደግሞ በግምት ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን በሚደርስ ክፍፍል አንድ ጊዜ ይከሠታል። ስለዚህ ቢሊዮን ባክቴሪያ ባለበት አካል ውስጥ አንድ ወይም ጥቂት የማይበገሩ መኖራቸው የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲያጠፋ ምግቡና ቦታው ሁሉ ለእነርሱ ይለቀቃል። ትክክለኛ ሕክምና ሲሆን ሰውነት ራሱ ቀሪዎቹን ያጸዳል። በማይፈለግ፣ ባነሰ ወይም በተደጋገመ መድኃኒት ግን ወንፊቱን ደግመን ደጋግመን እንነፋለን።

ባክቴሪያው በምን በምን ይቋቋማል?

መንገዶቹ አራት ናቸው ብለን ልናጠቃልላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው መድኃኒቱን መቁረጥ ነው። አምፒሲሊንና ሴፍትሪያክሶን የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ ያስተጓጉላሉ። በባክቴሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ስለሚበልጥ ግድግዳው ሲሳሳ እንደ ተነፋ ፊኛ ይፈነዳል። ቤታ-ላክታሜዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ግን መድኃኒቱን ግድግዳው ዘንድ ሳይደርስ ይሰብሩታል። ሰፊ ኃይል ያላቸው የዚህ ዘር ኢንዛይሞች ሴፍትሪያክሶንንም አይምሩም።

ሁለተኛው የመድኃኒቱን ዒላማ መለወጥ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚይዘው የባክቴሪያውን የዲ.ኤን.ኤ. ክር የሚያጠነጥነውን ጋይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በኢንዛይሙ ላይ አንድ የአሚኖ አሲድ ቦታ ሲቀየር መድኃኒቱ የሚጨብጠው ያጣል።

ሦስተኛው መድኃኒቱን መልሶ ማውጣት ነው። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የተተከሉ ፓምፖች የገባውን መድኃኒት ወደ ውጭ ይገፋሉ። ጉልበቱን የሚያገኙት በሽፋኑ ውጭና ውስጥ ካለው የፕሮቶን ክምችት ልዩነት ነው፤ የግድብ ውኃ ከከፍታ ወርዶ ተርባይን እንደሚያሽከረክር ማለት ነው። አራተኛው መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ማጥበብ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን እነዚህ ችሎታዎች መወራረሳቸው ነው። ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ የሚባል ቀለበት መሰል የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ አላቸው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያስተላልፉታል። አንድ ፕላዝሚድ የአራት አምስት መድኃኒቶችን መቋቋሚያ በአንድነት ሊሸከም ይችላል። ምንም በሽታ የማያመጣ የአንጀት ባክቴሪያ ዛሬ በከንቱ በተዋጠ መድኃኒት ተመርጦ፣ ነገ ለሚመጣው ሳልሞኔላ ይህን ቀለበት ሊያቀብለው ይችላል።

ኮንኮርድ፦ የእኛው ታሪክ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ላቦራቶሪዎች፣ ሳልሞኔላ ኮንኮርድ የተባለውን ብዙም የማይታወቅ ዓይነት ከሕፃናት ላይ ማግኘት ጀመሩ። ባክቴሪያው ሴፍትሪያክሶንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችን ይቋቋም ነበር። የሕፃናቱ የጋራ ነገር ሲጣራ፣ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰዱ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናትም፣ በአዲስ አበባና በጅማ ከታከሙ ሕፃናት በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ይኸው ብዙ መድኃኒት የሚቋቋም ኮንኮርድ ዋነኛ የሳልሞኔላ በሽታ መንሥኤ ሆኖ መገኘቱን አስታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ የኮንኮርድ ናሙናዎች ሙሉ የዘረ-መል ንባብ ታተመ። ከፍተኛ የመቋቋም ኃይል ያላቸው የዘር ሐረጎች ከኢትዮጵያ ጋር በጥብቅ የተያያዙ መሆናቸው ታየ። የመቋቋሚያ ዘረ-መሎቹ በፕላዝሚድ ላይ ብቻ ሳይሆኑ በአንዳንዶቹ በራሱ በባክቴሪያው ዋና ክሮሞሶም ውስጥ ተሰክተው ተገኙ። የዚህን ትርጉም ልብ እንበል። ፕላዝሚድ መሸከም ጉልበት ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ሲቀር አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሊጥሉት ይችላሉ። ክሮሞሶም ውስጥ የገባ ዘረ-መል ግን በእያንዳንዱ ክፍፍል ለልጅ ይተላለፋል፤ መድኃኒቱን ብናቆምም በቀላሉ አይለቅም።

የታይፎይዱም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ክሎራምፌኒኮል እ.ኤ.አ. በ1948 ለታይፎይድ ፈውስ ሆኖ መጣ። በ1972 በሜክሲኮ ክሎራምፌኒኮልን የሚቋቋም ታይፎይድ ታላቅ ወረርሽኝ አስነሣ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር የተነሣው ታይፎይድ ክሎራምፌኒኮልን፣ አምፒሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና ሴፍትሪያክሶንን በአንድነት ተቋቋመ፤ በአፍ ከሚወሰዱት ሐኪሙ የሚተማመንበት አዚትሮማይሲን ብቻ ቀረ። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ መሞታቸው ተገምቷል።

ሦስቱ ከተሞች

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን መንደር እንመለስ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። የእንጦጦ ሰንሰለት ውኃ ይከፍላል፤ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ የቡራዩና የሰበታ ውኃ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ተራራው ውኃን እንጂ ባክቴሪያን አይከፍልም። የሱሉልታ ወተት በየማለዳው ተራራውን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። የቡራዩና የሰበታ ዶሮ፣ እንቁላልና አትክልት እንዲሁ። ሠራተኛውና ተማሪው ጠዋት ገብቶ ማታ ይመለሳል።

እነዚህ ከተሞች ገጠርና ከተማ የሚገናኙባቸው ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት የወተት ላሞች፣ አጠገባቸው የዶሮ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የኪራይ ክፍሎች ይታያሉ። ላሟ ስትታመም ብዙ ጊዜ የምትወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ የሥነ ደዌ ኢንስቲትዩት የወጡ ጥናቶች በአዲስ አበባና በአካባቢው ባሉ የወተት ላሞችና ዶሮዎች ላይ ሳልሞኔላ መገኘቱን፣ ከእነዚህም መካከል ቴትራሳይክሊንንና ስትሬፕቶማይሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ መኖራቸውን አሳይተዋል። ጥሬ ወተትና ጥሬ ሥጋ በምንወድበት አገር ይህ ቁም ነገር ነው። ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መገኘቱም በአጋጣሚ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል፤ የሰውን ትኩሳት የሚመረምረው ቤትና የላምን በሽታ የሚመረምረው ቤት ስለ አንድ ባክቴሪያ ይነጋገሩ ዘንድ ይገባል።

እውነተኛው ልኬት

እንግዲህ ዊዳል የማይለካውን የሚለካ ዘዴ አለ። ከበሽተኛው ደም ወይም ሰገራ ባክቴሪያውን ራሱን አርብቶ ማየት ነው፤ በሆስፒታል ‹‹ካልቸር›› ይሉታል። ባክቴሪያው ከተገኘ በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1966 በኪርቢ፣ በባወርና በጓደኞቻቸው ደረጃ የወጣለት የወረቀት ክብ ዘዴ ይሠራበታል። ይህ ዘዴ ከመነሻው እስከ መድረሻው ፊዚክስ ነው።

አጋር በተባለ የረጋ ምግብ በተሞላ ሳሕን ላይ ባክቴሪያው በእኩልነት ይቀባል። በላዩ ላይ 6 ሚ.ሜ. ስፋት ያላቸው፣ የታወቀ መጠን መድኃኒት የያዙ የወረቀት ክቦች ይቀመጣሉ። ሳሕኑ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ማለዳ ላይ ባክቴሪያው ሳሕኑን እንደ ጭጋግ ሸፍኖት፣ በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ግን የጠራ ክብ ይታያል። የዚህ የጠራ ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል።

በሌሊቱ የተካሄደው ሩጫ ነው። በአንድ በኩል መድኃኒቱ ከወረቀቱ ወጥቶ በአጋሩ ውስጥ ይሰራጫል። በስርጭት የሚሸፈን ርቀት የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ 3 ሚ.ሜ. ለመድረስ አንድ ሰዓት የፈጀበት ሞለኪውል 9 ሚ.ሜ. ለመድረስ ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል። በሌላ በኩል ባክቴሪያው በእጥፍ ይራባል። በአንድ ቦታ መድኃኒቱ በቂ ሆኖ ባክቴሪያው ሳይበዛ ከደረሰ ያ ቦታ ይጠራል፤ ከዘገየ ይሸፈናል። የክቡ ዳርቻ ሁለቱ እኩል የደረሱበት መስመር ነው። ባክቴሪያው በቀላሉ የሚሞት ከሆነ ጥቂት መድኃኒት ይበቃዋል፤ ክቡም ሰፊ ይሆናል። ለሴፍትሪያክሶን በዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ መሠረት ክቡ 23 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል ይባላል፤ 19 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባክቴሪያው ይቋቋመዋል።

እንደ ማንኛውም ልኬት ይህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጋሩ ከ4 ሚ.ሜ. ከወፈረ መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚሰርግ ክቡ ይጠብባል፤ ከሳሳ ይሰፋል። የተቀባው ባክቴሪያ ከበዛ ሩጫውን ቀድሞ ያሸንፋል። መብራት ጠፍቶ ወረቀቶቹ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከቆዩ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ለሞተ መድኃኒት ‹‹ባክቴሪያው ተቋቋመው›› ብለን እንሳሳታለን። ስለዚህ ጥሩ ላቦራቶሪ ጠባዩ የታወቀ ባክቴሪያ ጎን ለጎን እየፈተነ መሣሪያውን ይመረምራል።

ይህ ምርመራ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ደሙ የተመረዘን ሕፃን ይዞ ሦስት ቀን መጠበቅ አይቻልም። ሐኪሙ በግምት መጀመር ግዴታው ነው። ሆኖም ናሙናው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ከተወሰደ፣ ውጤቱ ሲደርስ ሕክምናውን ማስተካከል ይቻላል። ከዚያም በላይ፣ የብዙ በሽተኞች ውጤት ተሰብስቦ ለቀጣዩ ሐኪም ግምት መሠረት ይሆናል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከተመረጡ ላቦራቶሪዎች ጋር የሚያካሂደው የቅኝት ሥራ ዓላማው ይኸው ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከአንባቢያን ብዙዎቹ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ አይሆኑም። የሚከተሉትን ግን ሁላችንም ልንፈጽማቸው እንችላለን።

አንደኛ፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛ፤ የተረፈንንም ለወንድም ለእኅት አናስቀምጥ። መጠኑንና የቀኑን ብዛት የሚወስነው ያዘዘው ባለሙያ ነው። ሁለተኛ፣ የዊዳል ቁጥር ብቻ ሲነገረን ‹‹ካልቸር ማሠራት ይቻላል ወይ?›› ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ተራ ተቅማጥ ሲይዘን አስቀድሞ የሚያስፈልገው የጠፋውን ውኃና ጨው መተካት ነው፤ ነገር ግን ትኩሳቱ ከጸና፣ ደም ከታየ ወይም ታማሚው ሕፃን ከሆነ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንሂድ። አራተኛ፣ ወተትን አፍልተን፣ ሥጋንና እንቁላልን አብስለን፣ እጃችንን በሳሙና ታጥበን እንመገብ። በሽታውን የማይዘው ሰው መድኃኒቱንም አይወስድም። አምስተኛ፣ ላምና ዶሮ ያለው ቤተሰብ ለእንስሳቱ መድኃኒት ሲሰጥ የእንስሳት ሐኪም ያማክር፤ ከመርፌ በኋላ ወተቱ የማይሸጥባቸውንም ቀናት ይጠብቅ።

ለፊዚክስ፣ ለኤሌክትሪካል ምሕንድስናና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የተለየ ጥሪ አለን። የጠራውን ክብ በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ አንሥቶ የሚለካ ፕሮግራም የድንበር የለሽ ሐኪሞች ፋውንዴሽን ሠርቶ በሥራ ላይ አውሏል፤ አንቲባዮጎ ይባላል። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን የሚጠብቅ ማሞቂያ ሣጥን፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚመዘግብ ርካሽ መሣሪያ፣ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ጤና ጣቢያ ናሙናን ሳይበላሽ አዲስ አበባ የሚያደርስ ዕቃ፦ እነዚህ ሁሉ በአራተኛ ዓመት የመመረቂያ ሥራ አቅም ውስጥ ያሉ ናቸው።

ያ ተማሪያችን በመጨረሻ ካልቸር አሠራ። ሳልሞኔላ አልተገኘበትም፤ ሐኪሙ የትኩሳቱን ምክንያት ሌላ ዘንድ ፈልጎ አገኘው። ሦስት ጊዜ የዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ለእርሱ ምንም አልሠራም። ለአንጀቱ ባክቴሪያዎች ግን ሦስት ጊዜ ወንፊት ሆኗል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በጽሑፉ ካለው የዊዳል ምሳሌ ላይ ከ1,000 ትኩሳተኞች መካከል እውነተኛ ታይፎይድ ያለባቸው 200 ቢሆኑ፣ ‹‹አለባችሁ›› ከተባሉት ውስጥ ስንት በመቶው እውነተኛ ይሆናሉ? ከመጀመሪያው ውጤት ጋር አነጻጽራችሁ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ አስረዱ።

2. አንድ ባክቴሪያ በ40 ደቂቃ በእጥፍ የሚራባ ቢሆን ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ በ10 ሰዓት ውስጥ ስንት ይሆናል?

3. አንድ መድኃኒት በአጋር ውስጥ 4 ሚ.ሜ. ለመሰራጨት 2 ሰዓት ቢፈጅበት 12 ሚ.ሜ. ለመሰራጨት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

4. በሉሪያና ዴልብሩክ ሙከራ ውስጥ ሁሉም ሳሕኖች ተቀራራቢ ቁጥር ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ብለን እንደመድም ነበር? ‹‹መላመድ›› የሚለው ቃል ያን ጊዜ ትክክል ይሆን ነበር?

መልስ፦ 1. 50 በመቶ፤ 2. 32,768፤ 3. 18 ሰዓት። አራተኛውን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።